የአደራ ዕቃና የመንገደኞች ደኅንነት

በአገራችን ልማድ፥ ሰው ረጅም መንገድ ሊሄድ ነው የተባለ እንደ ሆነ ወሬው ሳይውል ሳያድር ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ይዳረሳል። ከዚያም በኋላ እስከ መነሻው ቀን ድረስ ባሉት ምሽቶች እንግዳ አይቋረጥም። አንዲቱ በርበሬና ሽሮ ቋጥራ፥ ሁለተኛይቱ ለልጅዋ ያሠራችውን ነጠላ ጠቅልላ፥ ሌላው ደግሞ ዙሪያውን በመርፌ የተሰፋ ጥቅል ይዞ ይመጣል። ክብደት የለውም ይላል፤ ተቀባዩም ማረፊያው ድረስ መጥቶ ይረከባል ይላል። ተጓዡም እምቢ ማለት ነውር ስለሚመስለው፥ ውስጡ ምን እንዳለ ሳይጠይቅ ተቀብሎ ከሻንጣው ያገባዋል።

ይህ ልማድ የመተማመንና የዘመድ ፍቅር ምልክት ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። አባቶቻችን በበቅሎና በግመል ሲጓዙ የሰው አደራ ተሸክመው በታማኝነት ማድረሳቸው የሚያስመሰግናቸው ነበር። ዳሩ ግን ዛሬ ያ ጥቅል የሚገባው ብዙ መቶ ሰው በአንድነት ከሚሳፈርበት አይሮፕላን ውስጥ ነው። ስለዚህ ነገሩ የላኪና የተቀባይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ፥ ከጎናችን የተቀመጠችው የማናውቃት እናትና ያቀፈችው ሕፃን ጉዳይ ጭምር ሆኗል። በዚህ ገጽ ዛሬ ልናስረዳ ያሰብነው፥ በአይሮፕላን ማረፊያና በባቡር ጣቢያ የተሰማሩት ጠባቂዎችና ፈታሾች ምን ምን እንደሚማሩ፥ ስለምንስ እንዲህ አድርገው እንደሚጠይቁን ነው። ምክንያቱን ያወቀ መንገደኛ ፍተሻውን እንደ ስድብ አይቈጥረውምና።

ለዚህ ነገር ዋና ምሳሌ የሚሆነን ሚያዝያ 9 ቀን 1978 ዓ.ም. (በፈረንጆች አቈጣጠር በ1986) በለንደን ከተማ በሂትሮው የአይሮፕላን ማረፊያ የሆነው ነው። በዚያን ቀን ጧት የእስራኤል አየር መንገድ የኤል አል አይሮፕላን ከ3 መቶ 70 የሚበልጡ መንገደኞች ይዞ ወደ ቴል አቪቭ ለመብረር ተሰናድቶ ነበር። ከመንገደኞቹም መካከል በለንደን ሆቴል ውስጥ መኝታ ቤት እያጸዳች ትኖር የነበረች አንዲት አይርላንዳዊት ነበረች፤ እርስዋም ነፍሰ ጡር ነበረች። እጮኛዋ ነዛር ሂንዳዊ የሚባል ዮርዳኖሳዊ ሲሆን፥ አስቀድማው እንድትሄድና እርሱ በሌላ አይሮፕላን ተከትሎ መጥቶ በዚያ አገር እንዲጋቡ አግባብቶ አስነሣት። ለመንገድዋ የሚሆነውንም ሻንጣ እርሱው ሰጣት።

ሻንጣው ተራውን የማረፊያውን ፍተሻ አለፈ። የራጅ መኪናውም አንዳች ነገር አላመለከተም። ይሁን እንጂ ኤል አል የአገሩን ፍተሻ ብቻ አምኖ የሚበር ኩባንያ አይደለምና፥ በመሳፈሪያው በር የቆሙ የራሱ ፈታሾች ነበሩት። እነዚህ ሰዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚማሩት ዕቃ መበርበርን ሳይሆን ሰው ማነጋገርን ነው። መንገደኛውን ወዴት እንደሚሄድ፥ ከማን ዘንድ እንደሚያርፍ፥ ስለ ምን እንደሚሄድ፥ ሻንጣውን ማን እንዳሰናዳው በትሕትና ይጠይቁታል። የሚያደምጡትም ቃሉን ብቻ አይደለም፤ አንዱ መልስ ከሌላው መልስ ጋር፥ መልሱም ከሰውየው ኑሮና ከያዘው ዕቃ ጋር መግጠሙን ይመረምራሉ። የሴቲቱም ነገር አልገጥም አላቸው። ነፍሰ ጡር ሆና፥ ብቻዋን፥ ወደማታውቀው አገር፥ ሌላ ሰው በሰጣት ሻንጣ ትሄዳለች።

ስለዚህ ሻንጣውን ባዶ አድርገው አንዱ ፈታሽ በእጁ ቢያነሣው፥ ባዶ ሻንጣ ሊመዝን ከሚገባው በላይ ከበደው። የታችኛውን ክፍል ቢፈቱትም፥ ከሐሰተኛው ወለል ሥር አንድ ኪሎ ተኩል የሚመዝን ሴምቴክስ የተባለ ፈንጂ ተነጥፎ ተገኘ፤ ማፈንጃውም በሒሳብ ማስያ መኪና ውስጥ ተሰውሮ ነበር። ሴቲቱ ከዚህ ሁሉ የምታውቀው አልነበረም። እጮኛዋ አይሮፕላኑን ሊያጠፋ ብሎ እርስዋንም፥ በማኅፀንዋ ያለውን የገዛ ልጁንም ሳያውቁት የሞት ተሸካሚዎች አደረጋቸው። በጥቅምት ወር 1979 ዓ.ም. የለንደን ፍርድ ቤት 45 ዓመት እሥራት ፈረደበት፤ የእንግሊዝም መንግሥት የሶርያ ሹማምንት እጅ አለበት በማለት ከዚያ አገር ጋር የነበረውን ግንኙነት አቋረጠ።

ከዚህ ታሪክ የሚያስደንቀው ነገር፥ ያን የሚያህል ሕዝብ ያተረፈው ውድ መኪና አለመሆኑ ነው። ያተረፈው ጥቂት ጥያቄና አንድ ሻንጣ አንሥቶ ክብደቱን የመዘነ እጅ ነው። ነገር ግን ያ እጅ ባዶ ሻንጣ ምን ያህል እንደሚመዝን የለመደ፥ ያ ጠያቂም መልስን ማድመጥ የተማረ መሆን ነበረበት። ጥያቄ ብቻውን ዋጋ የለውም። ለዚህም ማስረጃ የሚሆን አለ፤ የአሜሪካ አየር መንገዶች ከዚያው ከ1986 ጀምሮ መንገደኛውን ሁሉ ሻንጣህን ራስህ አሰናድተሃልን፥ ከሌላ ሰውስ የተቀበልኸው ዕቃ አለን እያሉ እንዲጠይቁ ታዝዘው ነበር። ጸሐፊዎቹም ጥያቄዎቹን እንደ ጸሎት በቃላቸው ያነበንቧቸው ጀመር፤ መንገደኛውም ሳይሰማ አዎን፥ የለም ይል ነበር። ከ16 ዓመት በኋላ በ1994 ዓ.ም. ነሐሴ (በ2002) ጥቅም አልተገኘበትም ተብሎ ተሻረ። በእኛ አስተያየት የተሻረው ጥያቄው ሳይሆን፥ ያለ ልብ መጠየቁ ነው ቢባል ይሻላል።

ሥልጠና ሳይኖር መሣሪያ ብቻ ሲኖር ምን እንደሚሆን ደግሞ፥ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሰኔ 16 ቀን 1977 ዓ.ም. (በ1985) የታየው መከራ ያስረዳል። በካናዳ በቫንኩቨር ከተማ አንድ ሰው ወደ ጸሐፊዪቱ ቀርቦ፥ ሻንጣው ቶሮንቶ ላይ ሳይወርድ በቀጥታ ወደ ሕንድ እንዲላክለት ጠየቀ። ከቶሮንቶ በኋላ ላለው መንገድ ቦታው የተረጋገጠ ስላልነበረ ጸሐፊዪቱ አይሆንም አለችው። ሰውየው ግን ይከራከር ጀመር፤ በስተኋላው የቆመውም ሰልፍ ይረዝም ነበር። በመጨረሻም እሺ ብላ ሻንጣውን ተቀበለችው። ሻንጣው ሄደ፤ ባለቤቱ ግን አልተሳፈረም።

በቶሮንቶም ሻንጣዎቹ የሚታዩበት የራጅ መኪና በዚያን ቀን ተበላሸ። በዚህ ጊዜ ፈታሾቹ የፈንጂን ሽታ የሚለይ ነው የተባለ በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ተሰጣቸው። ስለ መሣሪያው የተነገራቸው እጅግ ጥቂት ነበር፤ ፈንጂ ሲያገኝ በኃይል ይጮኻል ተብለው ነበር። በአንድ ሻንጣ አጠገብ በቀስታ ድምፅ ቢያሰማ፥ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ሻንጣው እንዲያልፍ ተደረገ። የኤር ኢንድያ አይሮፕላን በማግሥቱ ጧት ወደ አይርላንድ ዳርቻ በተቃረበ ጊዜ በአየር ላይ ፈንድቶ ከባሕር ወደቀ። 329 ሰዎች አለቁ፤ ከነዚህም ውስጥ ከ80 የሚበልጡት ልጆች ነበሩ፤ የትምህርት ቤት ዕረፍት ስለ ነበረ ወላጆች አያቶቻቸውን ሊያሳይዋቸው ይዘዋቸው ይሄዱ ነበር። ከዚያው ከቫንኩቨር የተነሣ ሌላ ሻንጣም አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ በጃፓን በናሪታ ማረፊያ ፈንድቶ ሁለት ዕቃ ጫኞች ገደለ።

ከዚህ ጥፋት በኋላ ሻንጣና ባለቤቱ መለያየት የለባቸውም የሚለው ደንብ በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪየሽን ድርጅት ሕግ ውስጥ ጸና። ይህ የደኅንነት ሕግ 17ኛው ተቀጽላ የሚባለው ሲሆን አስቀድሞ በ1966 ዓ.ም. (በ1974) የወጣ ነው። ይሁን እንጂ ሕግ መጻፍና ሕግ መፈጸም ልዩ ልዩ ናቸው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1981 ዓ.ም. (በ1988) ባለቤት የሌለው አንድ ሻንጣ በፓን አም አይሮፕላን ተጭኖ በስኮትላንድ በሎከርቢ ከተማ ላይ በመፈንዳቱ በአይሮፕላኑና በምድር የነበሩ 270 ሰዎች ሞቱ። አንባቢ ሆይ፥ ሳትሳፈር የቀረህ እንደ ሆነ ሻንጣህን ከአይሮፕላኑ ሆድ ፈልገው እስኪያወርዱ ድረስ ሌሎች መንገደኞች አንድ ሰዓት የሚጉላሉት ስለዚህ ነው። በቡና ቤት ተቀምጦ ስሙ ሲጠራ የማይሰማ ሰው ይህን ቢያውቅ መልካም ነበር።

አሁን ደግሞ ከራጅ መኪናው ፊት የሚቀመጠውን ፈታሽ እንመልከት። መኪናው ዕቃን በቀለም ለይቶ ያሳያል፤ ብረት ሰማያዊ ይሆናል፤ ምግብ፥ ልብስ፥ ወረቀት፥ ሳሙናና እንዲሁም ፈንጂ ከዚሁ ወገን ስለ ሆኑ ብርቱካንማ ይመስላሉ፤ ድብልቁ አረንጓዴ ይሆናል። እንግዲህ የፈታሹ ችግር ምን እንደ ሆነ ማንኛዪቱም የቤት እመቤት ልታስተውለው ትችላለች። ምስር የምትለቅም ሴት ጠጠር የበዛበትን ምስር በተጠንቀቅ ትለቅማለች። ምስሩ ንጹሕ ሆኖ ከአሥር እፍኝ አንድ ጠጠር እንኳ ያልተገኘበት እንደ ሆነ ግን ዓይንዋ ይዘናጋል፤ ያችው አንዲት ጠጠር ታመልጥና በእራት ጊዜ የባልዋን ጥርስ ትሰብራለች። ፈታሹም እንዲሁ ነው። በዕድሜው ሙሉ እውነተኛ ቦምብ ላያይ ይችላል፤ ነገር ግን በየቀኑ ብዙ ሺህ ሻንጣ እያየ ነገ ያየዋል እየተባለ መቀመጥ አለበት።

ለዚህ የተገኘው መድኃኒት እጅግ ብልኀት ያለበት ነው። መኪናው ራሱ አልፎ አልፎ በእውነተኛው ሻንጣ ሥዕል ውስጥ የሐሰት ሽጉጥ ወይም የሐሰት ቦምብ ሥዕል ይጨምርበታል። ፈታሹ አይቶ ቍልፉን የተጫነ እንደ ሆነ የሙከራ ሥዕል መሆኑ ይነገረዋል፤ ያለፈው እንደ ሆነም ይመዘገብበታል፤ አለቃውም ተጨማሪ ትምህርት ያስፈልገው እንደ ሆነ በዚህ ያውቃል። እንግዲህ እመቤቶች በምስሩ ውስጥ ሆን ብለው አሥር ጠጠር ጨምረው ለቃሚዪቱን እንደ መፈተን ያለ ነው። ከዚህም በላይ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ አንድ ፈታሽ በተከታታይ ከ20 ደቂቃ በላይ ሥዕል እንዳይመለከት፥ ከዚያም ቢያንስ 10 ደቂቃ ዓይኑን እንዲያሳርፍ ታዟል። ፈታሾቹ ቶሎ ቶሎ ሲቀያየሩ አይተን ሥራ ጠልተው ነው ብለን የምንፈርድ ብንኖር ተሳስተናል።

መኪናም ሰውም የማይተካው ሦስተኛ ሠራተኛ ውሻ ነው። በ1964 ዓ.ም. (በ1972) ከኒው ዮርክ ወደ ሎስ አንጀለስ የተነሣ አይሮፕላን ቦምብ አለበት ተብሎ በስልክ ስለ ተነገረ ተመልሶ አረፈ። ብራንዲ የምትባል የጀርመን እረኛ ውሻ ገብታ እያነፈነፈች ቦምቡን አገኘችው፤ ሊፈነዳም የቀረው 12 ደቂቃ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ መንግሥት ውሾችን በየማረፊያው አሠማራ። ውሻው ግን ብቻውን የሚሠለጥን አይደለም፤ ከአንድ ጠባቂ ጋር ተጣምሮ ይማራል፥ ከርሱም ጋር ይሠራል። ስለዚህ ልጆች በሥራ ላይ ያለውን ውሻ ሊደባብሱ ሲሮጡ መከልከል የወላጆች ፋንታ ነው።

ከዚህ በኋላ በቀጥታ የእኛን ጓዳ ወደሚመለከተው ነገር እንምጣ፤ ይኸውም የቅቤና የማር ጉዳይ ነው። ነሐሴ 4 ቀን 1998 ዓ.ም. (በ2006) የእንግሊዝ ፖሊሶች በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ፈሳሽ ፈንጂ ይዘው ወደ አሜሪካ በሚበሩ አይሮፕላኖች ሊሳፈሩ ያሰቡ ሰዎችን እንደ ያዙ አስታወቁ። በእጅ ሻንጣ የሚያዝ ፈሳሽ ሁሉ ከ100 ሚሊ ሊትር በማይበልጥ ዕቃ ይሁን የሚለው ደንብ የመጣው ከዚህ ነው። ዛሬ በአንዳንድ ማረፊያዎች ሻንጣውን ዙሪያውን የሚያዩ አዳዲስ መኪናዎች ስለ ተተከሉ ደንቡ እየላላ ነው፤ በብዙ ስፍራ ግን እንደ ጸና ነው። በሕጉም አስተያየት ቅቤ፥ ማር፥ አዋዜ፥ ቅባት ሁሉ ከፈሳሽ ወገን ይቈጠራሉ። እናት ለልጅዋ ያነጠረችውን ቅቤ ፈታሹ ወስዶ ከመጣያ ሲጥለው ልብ ያዝናል፤ ፈታሹም የአንድ ኪሎ ቅቤን ድካም አያውቅም። ነገር ግን ያው ቅቤ በትልቁ ሻንጣ፥ ክዳኑ በደንብ ታስሮ ቢሄድ ይህ ሁሉ አይደርስበትም።

ማር ደግሞ የራሱ የሆነ አስቂኝ ታሪክ አለው። ታኅሣሥ 27 ቀን 2002 ዓ.ም. (በ2010) በካሊፎርኒያ በቤከርስፊልድ ከተማ አንድ አትክልተኛ በመጠጥ ጠርሙሶች የተሞላ ማር በሻንጣው ይዞ መጣ። ፈታሾቹ የሻንጣውን ላይ በጨርቅ ጠርገው ቢመረምሩ መኪናው ቲ.ኤን.ቲ. የሚባል ፈንጂ ነው አለ። አንዱን ጠርሙስ ከፍተው ያሸተቱት ሁለት ሠራተኞች ሕመም ስለ ተሰማቸው ወደ ሐኪም ቤት ተወሰዱ፤ የአይሮፕላን ማረፊያውም ለብዙ ሰዓት ተዘጋ። በመጨረሻ ሲመረመር ንጹሕ ማር ሆኖ ተገኘ። ማርን በማር ጠርሙስ፥ ስሙ በላዩ ተጽፎበት መያዝ ይህን ያህል ሰው ከማሸበር ያድናል።

ስለ አይሮፕላን ይህን ያህል ካልን፥ ስለ ባቡር ደግሞ ጥቂት እንበል። ባቡር እንደ አይሮፕላን ሊፈተሽ አይችልም። በትልልቅ ከተሞች የምድር ውስጥ ባቡር በየጥቂት ደቂቃው በሩን ከፍቶ ብዙ ሺህ ሕዝብ ያወርዳል፥ ያሳፍራል። መጋቢት 2 ቀን 1996 ዓ.ም. (በ2004) በማድሪድ ከ190 የሚበልጡ ሰዎችን የገደሉት ቦምቦች ማንም መንገደኛ በጀርባው በሚይዘው ዓይነት ከረጢት ተይዘው የገቡ ነበሩ። ስለዚህ በባቡር ላይ ጠባቂው የጣቢያው ሠራተኛና ተሳፋሪው ራሱ ነው።

በዚህ ነገር ብዙ ልምድ ያላቸው እንግሊዞች ናቸው። የካቲት 11 ቀን 1983 ዓ.ም. (በ1991) በለንደን በቪክቶሪያ ጣቢያ በቆሻሻ መጣያ ውስጥ የተሰወረ ቦምብ ፈንድቶ አንድ ሰው ገደለ፥ ብዙዎችንም አቈሰለ። ከዚያም በኋላ መጣያዎቹ ከጣቢያዎቹ ተነሡ፤ ኋላም በነርሱ ፈንታ ውስጡ የሚታይ ላስቲክ ተሰቀለ። ይሁን እንጂ መንገደኛ የሚረሳው ዕቃ ስፍር ቍጥር የለውምና፥ ለተረሳው ጃንጥላና ቦርሳ ሁሉ ጣቢያ ቢዘጋ ባቡር ሊሄድ አይችልም። ስለዚህ ሠራተኞቹ ስለ ተገኘው ዕቃ ሦስት ነገር ራሳቸውን እንዲጠይቁ ይማራሉ። ዕቃው ሆን ተብሎ ተሰውሯልን፥ ወይስ ሰው እንደሚረሳው ሁሉ በግልጽ ተቀምጧል? በላዩ ሽቦ፥ ባትሪ፥ የሚፈስ ነገር፥ ይህን የመሰለ በግልጽ የሚያጠራጥር ምልክት አለበትን? በዚያ ስፍራስ ከሚገኘው ተራ ዕቃ የተለየ ነውን? በወንበር ላይ የተረሳ የተማሪ ቦርሳ እንደ ተረሳ ዕቃ ይመለሳል፤ ከወንበር ሥር ተገፍቶ በላስቲክ የተሸፈነ ዕቃ ግን ሳይነካ አለቃ ይጠራበታል።

ሳይነካ የሚለውን ቃል አበክረን እንናገራለን። መጋቢት 11 ቀን 1987 ዓ.ም. (በ1995) በቶኪዮ የምድር ውስጥ ባቡሮች አንድ የሃይማኖት ማኅበር ሰዎች ሳሪን የሚባለውን የመርዝ ፈሳሽ በላስቲክ አድርገው በጋዜጣ ጠቅልለው ከወለሉ ላይ ጣሉት፤ በተሳለ የጃንጥላ ጫፍም ወግተው ወረዱ። በአንዱ ባቡር አንድ ተሳፋሪ ጥቅሉን በእግሩ ገፍቶ ከጣቢያው መድረክ ላይ አወረደው፤ ለባቡሩ ሰዎች መልካም ያደረገ መስሎት ነበር፤ በዚያ ጣቢያ የቆሙት ግን ተመረዙ። በካሱሚጋሴኪ ጣቢያ የነበሩት ሠራተኞች የፈሰሰውን በጋዜጣ ጠርገው ጥቅሉን በእጃቸው አወጡት፤ ከነርሱም ሁለቱ ሞቱ። እነዚህ ሰዎች ሥራቸውን አክባሪዎችና ንጽሕና ወዳዶች ነበሩ። የጎደላቸው፥ በጋዜጣ የተጠቀለለ የሚፈስ ነገር ቆሻሻ ብቻ ላይሆን እንደሚችል አስቀድሞ የነገራቸው ሰው ነው።

ወደ አይሮፕላን እንመለስና፥ ተሳፋሪው ራሱ ስለሚገባው ትምህርት እንናገር። በታኅሣሥ ወር 1994 ዓ.ም. (በ2001) ከፓሪስ ወደ ማያሚ በሚበር አይሮፕላን ውስጥ አንዲት አስተናጋጅ የክብሪት ሽታ ሸቶአት ብትፈልግ፥ አንድ ሰው በጫማው ውስጥ ያለውን ፈንጂ ሊለኩስ ሲታገል አገኘችው፤ መንገደኞቹም ተረባርበው በቀበቶ አሠሩት። ጫማ ማስወለቅ የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ግን ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብ የሚገባው ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. (በ1996) የሆነው ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ሦስት ሰዎች በኃይል ያዙት። ቦምብ አለን ብለው ያስፈራሩበት ነገር በኋላ ሲታወቅ የመጠጥ ጠርሙስ ነበር። ወደ አውስትራልያ ውሰደን አሉት፤ ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማያደርስ ቢያስረዳቸውም አልሰሙትም። ካፒቴኑ ከዚህ በፊትም ሁለት ጊዜ የአይሮፕላን ጠለፋ የደረሰበት ሰው ስለ ነበረ በትዕግሥት የአፍሪካን ዳርቻ እየተከተለ በረረ። ነዳጁ ባለቀ ጊዜም በኮሞሮስ ደሴት አጠገብ በባሕር ላይ አሳረፈው። ከ175ቱ ሰዎች 50ዎቹ ዳኑ።

ከሞቱት መካከል ብዙዎቹ የሞቱት በመውደቁ ብቻ አልነበረም። ካፒቴኑና አስተናጋጆቹ የመንሳፈፊያውን ሰደርያ ከአይሮፕላኑ ሳትወጡ አትንፉት ብለው አስጠንቅቀዋቸው ነበር። ከፍርሃት የተነሣ ብዙዎች አስቀድመው ነፉት። ውሃው ሲገባ የተነፋው ሰደርያ ወደ ጣራው አንሳፍፎ ያዛቸው፤ ወደ ታች ጠልቀው ወደ በሩ መድረስም አልተቻላቸውም። ስለዚህ አስተናጋጂቱ ከመነሣት በፊት ቆማ ስታሳይ ጋዜጣ መግለጥ ወይም ከጎረቤት ጋር ማውራት ደግ አይደለም። አባትና እናት ከልጆቻቸው ጋር ሆነው ሊያዩትና፥ በሩ ከመቀመጫቸው ስንተኛው ረድፍ እንደ ሆነ ልጆቹ እንዲቈጥሩ ሊያደርጉ ይገባል። ልጆች እንዲህ ያለውን ቈጠራ እንደ ጨዋታ ይወዱታል። በጨዋታ ጊዜ የማይፈቀደው ቦምብ የሚለውን ቃል በማረፊያው ውስጥ ለቀልድ ማንሣት ነው፤ በብዙ አገር ይህ ቀልድ ከፖሊስ ፊት ያቀርባል።

እንግዲህ ወደ አደራው ዕቃ እንመለስ። አደራ አትቀበሉ አንልም፤ ይህን ብንል ማንም አይሰማንም፥ እኛም ራሳችን አንፈጽመውም። ነገር ግን ላኪው ጥቅሉን ይዞ ሲመጣ በፊቱ ይፈታ። በርበሬው እስከ ሥሩ በማንኪያ ይነካ፤ የታሸገ ጣሳ የሆነ እንደ ሆነ ማኅተሙ ያልተነካ መሆኑ ይታይ፤ ጫማ ከሆነ ተረከዙ፥ መጽሐፍ ከሆነ ሽፋኑ ይዳሰስ፤ ባዶ ሻንጣም በስጦታ የመጣ እንደ ሆነ በእጅ ይመዘን። ስም ያልተጻፈበት መድኃኒትና ዱቄት፥ ላኪው ዘመድም ቢሆን ይመለስለት፤ የተከለከለ ዕፅ በሰው ሻንጣ አስጭነው የሚልኩ ነጋዴዎች በብዙ አገር አሉና፥ በወህኒ ቤት የሚገባው ላኪው ሳይሆን ሻንጣው የተገኘበት ሰው ነው። ከዚያም ሁሉን ነገር ተጓዡ በገዛ እጁ ያሰናዳ፤ የእያንዳንዱንም ላኪ ስምና ዕቃ በወረቀት ይጻፍ፤ በማረፊያው ጸሐፊው ሲጠይቀው ወረቀቱን እያየ እውነቱን ይመልስ። ከቤት ከወጣ በኋላ በመንገድ ላይ የሚመጣ ጥቅል ግን ከማንም ቢሆን አይቀበል።

ላኪው ቅር ያለው እንደ ሆነ ይህን ጋዜጣ ማሳየት ይቻላል። ጥቅሉን ሰፍቶ ያመጣ ሰው ከሆነም ቡና እየተፈላ መርፌና ክር ይቅረብለት፤ ፈትቶ አሳይቶ ዳግመኛ መስፋት ሩብ ሰዓት አይፈጅም።